በጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩ ደረቀ፤ የጥገና መዝገቡ ግን «ደህና» ይላል

መስመር ጠባቂ፣ ሰኞ ማታ

እንደምን አመሻችሁ። ሥራዬ ከአንድ የጋዝ ጉድጓድ ወደ ሌላው እየዞርኩ ግፊት ማንበብ፣ የታንክ ከፍታ መለካት፣ የሚያፈስ ካለ መመዝገብ ነው። ሃያ ስድስት ጉድጓዶች አሉኝ። አብዛኞቹ አርጅተዋል። የሚሰጡት ጋዝ ጥቂት ነው፤ ይዘውት የሚወጡት ጨዋማ ውሃ ግን በየዓመቱ ይጨምራል።

ከመካከላቸው አንዱ እንቅልፍ ነስቶኛል። ከጉድጓዱ ራስ ጀምሮ በሁሉም አቅጣጫ አራት እርምጃ ያህል ሣሩ ደርቋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለምለም ነው። ወሰኑ በገመድ የተለካ ይመስላል። አረም ማጥፊያ የረጨ ሰው ያለ መስሎኝ ጠየቅሁ፤ ማንም አልረጨም። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ጥሎ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለው የሲሚንቶ ጉድባ ውሃ ቋጠረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከአንዱ ጥግ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ አረፋዎች እየተከታተሉ ይወጣሉ። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ከአርባ በላይ ናቸው።

በውጭኛውና በውስጠኛው ኬሲንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ በሚይዙት የብረት ቧንቧዎች) መካከል ያለውን ክፍተት ግፊት የሚያሳየው ማኖሜትርም ዜሮ መሆን ሲገባው 14 ባር ያነባል። ቫልቩን ከፍቼ አስተነፈስኩት፤ በማግስቱ ስመለስ 9 ባር ደርሷል። በዚያ ላይ የውሃ ታንኩ የላይ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተሰነጣጥቋል። ፀሐይ ሲበረታ ከክዳኑ በላይ አየሩ ሲርገበገብ በዓይን ይታያል።

ሁሉንም ጽፌ አስገብቻለሁ። ያገኘሁት መልስ «የዚህ ጉድጓድ ምርት ትንሽ ስለሆነ ጥገናው ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይቆይ» የሚል ነው። በጥገና መዝገቡ ላይ ደግሞ «የእይታ ምርመራ ተደርጓል፣ ደህና» ተብሎ ተፈርሞበታል። የፈረመው ሰው ጉድጓዱ ዘንድ እንዳልደረሰ አውቃለሁ፤ የግቢው በር ቁልፍ ያለው በእኔ እጅ ነው።

ጋዙ ከየት ይመጣል? ከእነዚህ ችግሮችስ የትኛው ይቅደም? የምታውቁ ብትመልሱልኝ በጣም አመሰግናለሁ።


ጡረተኛ ቆፋሪ፣ ሰኞ ሌሊት

ልጄ፣ መልሱን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ጋዝ መለኪያ ደረትህ ላይ ሳይኖር ፊትህን ዳግመኛ ወደዚያ ጉድባ አታስገባ። ሚቴን፣ የጋዙ ዋና ክፍል፣ ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከጉድጓድ የሚወጣ ሚቴን ደግሞ ሽታ የለውም። ሰው «ጋዝ ሸተተኝ» የሚለው ወደ ማከፋፈያ መስመር ሲገባ ሆን ተብሎ የሚጨመረውን ኬሚካል ነው። አንተ የምትሠራበት ቦታ ላይ ያ ማስጠንቀቂያ የለም።

የሣሩን ነገር ገና ሳነብ አወቅሁት። መርዝ መሆን የለበትም። ሚቴኑ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ አየሩን ያባርረዋል፤ የቀረውን ኦክስጅን ደግሞ ሚቴን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይጨርሱታል። ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ክብ ሆኖ መድረቁ ራሱ ምስክር ነው፤ ጋዙ ከመሃል እየመጣ ነው ማለት ነው።

ከየት ይመጣል ላልከው፣ ሠላሳ ዓመት የቁፋሮ ማሽን ላይ ስሠራ ያየሁትን ልንገርህ። ኬሲንግ ወደ ጉድጓዱ ከወረደ በኋላ ሲሚንቶ በውስጡ ይለቀቅና ከታች ዞሮ በውጭ በኩል ሽቅብ ይወጣል። የሲሚንቶው ሥራ የቁፋሮውን ጭቃ ገፍቶ አስወጥቶ ቦታውን መያዝ ነው። ቧንቧው መሃል ላይ ካልቆመና ወደ አንድ ጎን ከተጠጋ ግን ሲሚንቶው በሰፊው በኩል ያልፋል፤ በጠባቡ በኩል ጭቃው እንዳለ ይቀራል። ዓመታት ሲያልፉ ያ ጭቃ ደርቆ ይኮማተራል፤ ከታች እስከ ላይ ለጋዝ መንገድ ይሆናል። ቧንቧውን መሃል ላይ የሚያቆሙትን ቀለበቶች ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ቀንሰን ያወረድንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ዛሬ ያንተን ጽሑፍ ሳነብ እነዚያ ሌሊቶች ትዝ አሉኝ፤ አዘንኩም።

ሲሚንቶው ሲጠነክርም አደጋ አለ። ፈሳሽ ሳለ ክብደቱ ጋዙን ተጭኖ ይይዛል፤ መርጋት ሲጀምር ያ ክብደት ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ባለው ጊዜ ጋዝ ሾልኮ ሊገባበት ይችላል። በደንብ የጠነከረውም ቢሆን ጉድጓዱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቧንቧው እያበጠና እየሟሸሸ ከሲሚንቶው ጋር የነበረውን ጥብቀት ያላላል።

ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ጋዙ ከላይኛው ጥልቀት ካለ ቀጭን የጋዝ ንጣፍ በሲሚንቶው በኩል ይወጣል፣ ወይ ደግሞ የውስጠኛው ኬሲንግ ራሱ ተበስቷል። ሁለተኛው ከሆነ አትጠብቅ። ለመለየት ክፍተቱን በግማሽ ኢንች መርፌ ቫልቭ ቀስ ብለህ አስተንፍሰው፤ ዜሮ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፍ። ከዚያ ዝጋና ለ24 ሰዓት በየሰዓቱ ግፊቱን መዝግብ። ፈጥኖ ዜሮ ደርሶ ቀስ ብሎ የሚመለስ ትንሽ ፍሰት ነው። ሙሉ ቀን ከፍተኸው ዜሮ አልደርስ ካለ ግን ከባድ ነገር አለና ጉድጓዱ ይዘጋ። ቫልቩን ከፍተህ ትተህ እንዳትሄድ፤ ማኖሜትሩ ላይ ዜሮ ታያለህ፣ ጋዙ ግን ሌሊት ቀን ወደ ሰማይ ይሄዳል።


መጭመቂያ መካኒክ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ ስለ ጉድጓዱ ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ ስለ ታንኩ ልናገር፤ ወንድማችን አቅልሎ የጻፈው እሱን ነው።

የታንኩ ክዳን ጓርኒሲዮን መሰንጠቁ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አየሩ በዓይን እስኪታይ ድረስ የሚርገበገብ ከሆነ ጥያቄው ታንኩ ውስጥ ያን ያህል ጋዝ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ታንኩ የሚቀበለው ውሃ መሆን ነበረበት። ጋዙንና ውሃውን በሚለየው ሴፓሬተር ሥር ያለውን የፈሳሽ ማስወጫ ቫልቭ እየው። ተንሳፋፊው ውሃው ሲሞላ ቫልቩን ይከፍታል፣ ሲጎድል ይዘጋል። አንዲት የአሸዋ ፍሬ በቫልቩ መቀመጫ ላይ ከተጋደመች ግን ቫልቩ የተዘጋ መስሎ ክፍት ይሆናል። ውሃው ካለቀ በኋላ ጋዙ ራሱ በዚያ ቀዳዳ ወደ ታንኩ ይገባል፣ ከታንኩም በክዳኑ ይወጣል። ጓርኒሲዮኑን አሥር ጊዜ ብትቀይር ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት አንዱን ፈትቼ መቀመጫውን በእጄ ይዤ አየሁት። ከብረቱ ጠርዝ ላይ ሽቦ የጎተቱበት የሚመስል ቀጭን ጭረት ነበር። ጥፍሬን ሳስኬድበት ይይዘኛል፤ ያን ያህል ነው። በዚያች ጭረት ስንት ወር ጋዝ ሲያልፍ እንደኖረ ማንም አልመዘገበም፤ ምክንያቱም የጋዝ ቆጣሪው ያለው ከሴፓሬተሩ በኋላ በመሸጫው መስመር ላይ ነው። በታንኩ በኩል የወጣው ምርቱ እንደቀነሰ ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ጉድጓድ «ደከመ» ሲባል ከማመኔ በፊት ማስወጫ ቫልቩን ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። ውሃ ሲያልፍ ያጉረመርማል፣ ጋዝ ሲያልፍ ያፏጫል።

የታንኩን ክዳን ስትከፍት ደግሞ ነፋሱን ከጀርባህ አድርግ፤ ብቻህን አትክፈት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ታንክ ላይ ወጥተው ሲለኩ ወይም ናሙና ሲወስዱ ዘጠኝ ሠራተኞች መሞታቸው ተመዝግቧል። ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው የነዳጅ ተን ኦክስጅኑን ይገፋል፣ ልብንም ያውካል። ከሞቱት መካከል ብቻቸውን የነበሩ አሉ።


የምርት ክፍል፣ ማክሰኞ ከሰዓት

የሁላችሁንም አስተያየት አክብሬ አንብቤዋለሁ። እኔ ያለሁት በጀት በሚመደብበት ወገን ነውና የዚያኛውን በኩል ጭንቀት ላስረዳ።

ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ከሚያፈሱት ቦታዎች 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ከጠቅላላው ከሚወጣው ጋዝ ከግማሽ በላዩን ይለቃሉ። ያለኝ የጥገና ቡድን አንድ ነው። ያንን ቡድን በደቂቃ አርባ አረፋ ወዳለበት ጉድጓድ ከላክሁ፣ በዚያው ሳምንት ሌላ ቦታ ላይ እየጮኸ የሚወጣውን ሊያልፈው ይችላል። የወንድማችን ሪፖርት ይቆይ የተባለው በንቀት ላይሆን ይችላል። ሁሉንም አረፋ እናሳድ ብንል አንዱንም በወጉ አንጨርስም ብዬ እሰጋለሁ።


መስመር ጠባቂ፣ ማክሰኞ ማታ

ስለ መልሳችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ፤ ጋዝ መለኪያ ከመጋዘን ፈርሜ አውጥቻለሁ።

ለምርት ክፍሉ ወንድሜ፦ የሚሉት የ5 በመቶ ነገር ያስማማኛል። ግን የትኞቹ እንደሆኑ የሚታወቀው ሄዶ በማየት ነው። የዛሬው ትንሽ የነገው ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ማስወጫ ቫልቭ ዛሬ ይዘጋል፣ ነገ አሸዋ ይይዘዋል። መዝገቡ ላይ «ቆይቷል፣ ቅደም ተከተል ይዟል» ቢባል ባልተከፋሁ ነበር። የተጻፈው «ደህና» ነው። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ የሚያነበው እሱን ነው።


ባለማሳዋ፣ ማክሰኞ ማታ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ሁለት ጉድጓዶች ያሉበት መሬት ባለቤት ነኝ። ይህን ውይይት አንብቤ እስክጨርስ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ሌሊት የጨው ውሃው ታንክ ሞልቶ ፈሰሰ። ደረጃውን የሚጠቁመው መሣሪያ ተጣብቆ ነበር አሉ። በታንኩ ዙሪያ የአፈር ግድብ አለ፤ ግን ከብቶች እየረገጡት በአንድ በኩል ወርዶ ስለነበር ውሃው በዚያ በኩል ወደ ማሳዬ ገባ። ጠዋት ስነሳ መሬቱ አብለጨለጨ፤ አመዳይ የወረደ መሰለኝ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው ነው።

በሦስተኛው ቀን የድርጅቱ ሰዎች መጡ። በቦቴ ንጹሕ ውሃ አምጥተው ማሳውን አጠቡት፣ ፎቶ አንሥተው ሄዱ። ሲደርቅ መሬቱ እንደ ሸክላ ጠነከረ። ሞፈር አይገባውም። ዝናብ ሲጥል ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ አይሰርግም። እስከ ዛሬ እዚያ ላይ እህል አልበቀለም። «ታጥቧል» የሚል ወረቀት ግን አለኝ።

የምጠይቀው፣ ይህ መሬት ይድናል ወይ? ሁለተኛ፣ ከጉድጓዱ ሦስት መቶ እርምጃ ላይ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አለኝ። የመስመር ጠባቂው ስለ አረፋ የጻፉትን ካነበብኩ ወዲህ ውሃ በቀዳሁ ቁጥር ባልዲው ውስጥ አረፋ እፈልጋለሁ።


አፈርና ውሃ፣ ረቡዕ ጠዋት

እህቴ፣ የላቦራቶሪ ኬሚስት ነኝ። የደረሰብዎት በደል በኬሚስትሪ ቋንቋ ስም አለው፤ መፍትሔም አለው። ላስረዳ።

ከጋዝ ጋር የሚወጣው ውሃ በምድር ውስጥ ለሚሊዮን ዓመታት ከድንጋይ ጋር የተቀመጠ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ከ200 ግራም የሚያልፍበት ቦታ አለ። ከጨው በተጨማሪ ባሪየም፣ ስትሮንቲየም፣ አንዳንድ ቦታም ራዲየም ይይዛል። ከላዩ የሚንሳፈፍ ቅባት ካለው ደግሞ ቤንዚን አለበት፤ በመኪና የሚሞላውን ማለቴ አይደለም፣ በዚያው ስም የሚጠራውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ነው።

የሸክላ አፈር ቅንጣቶችን እርስ በርስ አያይዞ አፈሩን ፍርፍር የሚያደርገው ካልሲየም ነው። ሶዲየም ሲበዛ ካልሲየሙን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል። ጨዋማው ውሃ እዚያው እስካለ ድረስ አፈሩ አሁንም ይያያዛል፤ በላዩ ላይ ንጹሕ ውሃ ሲፈስስበት ግን ቅንጣቶቹ ይበታተኑና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናሉ። ስለዚህ በመልካም ሐሳብም ይሁን በግዴለሽነት የተደረገው ያ እጥበት ነው መሬትዎን ያደደረው።

የሚደረገው እንዲህ ነው። አስቀድሞ የአፈር ናሙና ከላይ፣ ከአንድ ክንድና ከሁለት ክንድ ጥልቀት ይወሰድ፤ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱና የሶዲየም መጠኑ ይለካ። ከዚያ በተለካው መጠን ጂፕሰም ተበትኖ ወደ ውስጥ ይታረስ። ጂፕሰሙ ካልሲየም ይሰጣል፣ ሶዲየሙ ይለቃል። የተለቀቀው ሶዲየም ወርዶ የሚሄድበት ቦይ ከሌለ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ እዚያው ዞሮ ይመለሳል። ውሃ የሚጨመረው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገለባና ፍግ መቀላቀል አፈሩን ይከፍታል። ዓመታት ይፈጃል፤ ግን ይድናል። ያ «ታጥቧል» የሚል ወረቀት አይጣሉት፤ ስህተቱን ራሱ ይመሰክራል።

ስለ መጠጥ ውሃው፣ አረፋ መፈለግ ብቻውን አይበቃም። ውሃ ውስጥ የሟሟ ሚቴን ይለካል፤ በአሜሪካ ከተሞክሮ የተያዘው ወሰን በሊትር ከ10 ሚሊግራም ሲያልፍ ክትትል፣ ከ28 ሲያልፍ አፋጣኝ እርምጃ የሚል ነው። ሚቴን ከተገኘም ምንጩ ይጠየቃል። ረግረግ ውስጥ በባክቴሪያ የተፈጠረ ሚቴንና በጥልቀት በሙቀት የበሰለ ሚቴን በካርቦን አይሶቶፕ (በካርቦን አቶሞቻቸው የክብደት ልዩነት) ይለያያሉ። ከበሰለው ጋር ብዙውን ጊዜ ኢቴንና ፕሮፔን የተባሉ ጋዞች አብረው ይገኛሉ። ከእርስዎ ውሃና ከመስመር ጠባቂው ዓይነት የኬሲንግ ክፍተት የተወሰደ ናሙና ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዝምድናው ይታወቃል።

ናሙናውን የሚወስደው ከሁለታችሁም ያልወገነ ሰው ይሁን፤ ጠርሙሱም እናንተ ባላችሁበት ይታሸግ። ከሁሉ የሚሻለው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የተወሰደ ናሙና ነበር። እሱ ባለመኖሩ ምክንያት ስንት ክርክር መና ሲቀር አይቻለሁ! ጉድጓድ ሊቆፈርባችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ውሃችሁን አስመርምሩ።


መስመር ጠባቂ፣ ሐሙስ ማታ

ምርመራውን ጋሼ እንዳሉኝ አደረግሁ። ክፍተቱ በግማሽ ኢንች መርፌ ቫልቭ በ22 ደቂቃ ዜሮ ደረሰ። ከዚያ ዘግቼ ስመዘግብ፣ በ6 ሰዓት 3 ባር፣ በ12 ሰዓት 6፣ በ24 ሰዓት 9። ማስወጫ ቫልቩም መካኒኩ ወንድሜ እንዳለው ያፏጫል። ውሃ ሳያልፍ ያፏጫል! ሁለት ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ከዚህ ጉድጓድ ቀጥሎ ያለው ግቢ ስገባ የበሰበሰ እንቁላል ይሸተኛል። ዛሬ ሸተተኝና ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ነፋሱ ወስዶት ይሆን?


ጡረተኛ ቆፋሪ፣ ሐሙስ ማታ

ልጄ፣ ይህን እንዳየህ ወዲያው አንብብ፤ ነገ ጠዋት ወደዚያ ግቢ እንዳትገባ። የሸተተህ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ሽታው የጠፋው ጋዙ ሄዶ ላይሆን ይችላል፤ አፍንጫህ ደንዝዞ ይሆናል። መጠኑ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ መቶ ያህል ሲደርስ የማሽተት ኃይልን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ አምስት መቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውን ይጥላል። ከአየር ስለሚከብድ ጉድባ፣ ቦይና ዝቅተኛ ቦታ ይሞላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በቻይና ቾንግቺንግ ካይሺየን አንድ የጋዝ ጉድጓድ በቁፋሮ ላይ ሳለ አመለጠ። ይህን ጋዝ የያዘ ነበርና በሌሊት ወደ መንደሮቹ ወርዶ 243 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ከጉድጓዱ ጋር ምንም ሥራ ያልነበራቸው የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው።

ሁለት ሆናችሁ፣ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ መለኪያ ይዛችሁ፣ ከነፋሱ ወገን ግቡ። መለኪያው ከጮኸ ነፋሱን ተሻግራችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። ጓደኛህ ቢወድቅ የአየር ጋን (የመተንፈሻ መሣሪያ) ሳታጠልቅ ልታነሳው አትሩጥ። በዚህ ምክንያት የቀበርኳቸው ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ሁለተኛው የሞተው የመጀመሪያውን ሊያወጣ ገብቶ ነው።


መጭመቂያ መካኒክ፣ ዓርብ ጠዋት

ጋሼ ስላሉት ልጨምር፤ ይህ ጋዝ ብረትንም ይገድላል። ጠንካራ ብረት ውስጥ ሃይድሮጅን አስገብቶ ድንገት እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል፤ ከውጭ ዝገት አይታይም። ስለዚህ በዚያ ግቢ ያለ ቫልቭ፣ ቡሎንና ማኖሜትር ለዚህ ጋዝ ተብሎ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ከመጋዘን የተገኘውን ቡሎን መግጠም የለመደ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።


የምርት ክፍል፣ ዓርብ ከሰዓት

የሐሙሱን ንባብ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። በ24 ሰዓት 9 ባር መመለሱና ሌላው ግቢ ላይ ያለው ሽታ ከጻፍኩት የበጀት ክርክር በላይ ነው። እኔ ባለሁበትም ተመሳሳይ ጉድጓዶች አሉ፤ ዛሬ ጠዋት የክፍተት ግፊታቸውን መዝገብ አስወጣሁ። ከ18ቱ በ7ቱ ላይ ለሦስት ዓመት ያህል ያንኑ ቁጥር ነው የተጻፈው፤ አሃዙ እንኳ አልተለወጠም። ግፊት እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ወይ ማኖሜትሩ ሞቷል፣ ወይ ማንም አላነበበውም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እነዚህ ጉድጓዶች ሲደክሙ ትልቁ ኩባንያ ለትንሹ ይሸጣቸዋል፣ ትንሹ ለባሰው ትንሽ። በመጨረሻ የሚደፍናቸው ማነው?


ጡረተኛ ቆፋሪ፣ ዓርብ ማታ

ይህ ጥያቄ ከልብ የሚገባ ነው። በአሜሪካ ብቻ የተተዉ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች ከ3 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ባለቤት የሌላቸውን ለመድፈን 4.7 ቢሊዮን ዶላር የመደበው ከሕዝብ ግምጃ ቤት ነው። አስቀድሞ የተያዘው ዋስትና የመድፈኛውን ወጪ የማይሸፍን ከሆነ ባለቤቱ ጥሎት ቢሄድ ይቀለዋል። ጉድጓድ ሲሸጥ ዋስትናው አብሮ መለካት ያለበት በጉድጓዱ ጥልቀትና ዕድሜ ነው እንጂ በወረቀት ብዛት አይደለም።

መድፈንም ቢሆን አፉን በብረት ክዳን መበየድ ማለት አይደለም። ጋዙ ካለበት ንጣፍ ላይ አንድ የሲሚንቶ ድፍን፣ ከንጹሕ ውሃው ንጣፍ ሥር ሌላ፣ ከላይ ሌላ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ በቧንቧ ጫፍ ተነክቶና በግፊት ተፈትኖ ነው ሥራው የሚታመነው። ከኬሲንጉ ውጭ ያለው ሲሚንቶ ክፉ ከሆነ ውስጡን ብቻ መድፈን አይረባም።

ስለ መዝገቡ ያልከው ደግሞ የአሊሶ ካንየንን ነገር አስታወሰኝ። በካሊፎርኒያ የጋዝ ማከማቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 መቆፈር የተጀመረ አንድ ጉድጓድ በጥቅምት 2015 ኬሲንጉ ተቀደደና 112 ቀን ፈሰሰ። ወደ 100 ሺህ ቶን የሚጠጋ ሚቴን ወጣ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀቁ። ከላይ ጭቃ አፍስሰው ፍሰቱን ለማቆም ደጋግመው ሞከሩ፣ አልሆነም፤ በመጨረሻ ከጎን ሌላ ጉድጓድ ቆፍረው ከታች ደፈኑት። ኋላ ሲመረመር የከርሰ ምድር ውሃና ባክቴሪያ ኬሲንጉን ከውጭ በኩል እንደበሉት ታወቀ። በዚያው ማከማቻ ከዚያ በፊት ከ60 በላይ የኬሲንግ ፍሳሾች ተመዝግበው ነበር፤ እየተጠገኑ ታለፉ እንጂ ለምን እንደበሳቸው አልተመረመረም። ልጆች፣ ጥገና ያልኩት ይህን ነው፤ የተበሳውን መጥገን ብቻ ሳይሆን ለምን ተበሳ ማለት።


አፈርና ውሃ፣ ቅዳሜ ጠዋት

አንድ ነገር ሳላነሳ እንዳልቀር። ትርፍ ጋዝ የምታቃጥሉበት ችቦ ካለ ማታ ማታ እዩት። እሳት አለ ማለት ጋዙ ሁሉ ተቃጠለ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ በአውሮፕላን የተደረገ ጥናት በአሜሪካ ሦስት ትልልቅ የምርት አካባቢዎች ችቦዎች ይቃጠላል ከሚባለው 98 በመቶ ይልቅ ሚቴኑን ያጠፉት 91 በመቶውን ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይቷል፤ አንዱ ምክንያት እሳታቸው የጠፋ ችቦዎች መኖራቸው ነው። ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ የጠፋ ችቦ ከበራው የከፋ ነው። ጭስ ስለሌለው ግን ንጹሕ ይመስላል።

ዛሬ ደግሞ ትልልቁ ከሰማይ ይታያል። በካዛኪስታን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የተነሳውና እስከ ዓመቱ መጨረሻ የዘለቀው የጉድጓድ ቃጠሎ ሲለቅ የነበረው ሚቴን በሳተላይት ተለክቷል። ትንንሹን ግን ሳተላይት አያየውም፤ እሱን የሚያየው እንደ መስመር ጠባቂው ያለ ሰው ነው።


ባለማሳዋ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ

የውሃዬ ውጤት መጣ። ሚቴን በሊትር 2 ሚሊግራም፣ ኢቴን የለም። ኬሚስቷ ከረግረግ የመጣ ዓይነት ነው አሉኝ፤ በየስድስት ወሩ እንድደግመው ነግረውኛል። ይህ ቁጥር አሁን የእኔ መነሻ ነው። የአፈሩ ናሙናም ተወስዷል። የድርጅቱ አዲስ ኃላፊ መጥተው የታንኩን ግድብ አብረን ዞርነው፤ ከብቶቹ ያወረዱት በኩል አሁንም ዝቅ እንዳለ ነበር። በፊቴ አስለኩት። ጂፕሰሙን ለማቅረብ በጽሑፍ ተስማምተዋል።


መስመር ጠባቂ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሽታ ያለበት ግቢ ሁለት ሆነን ከነፋሱ ወገን ገባን። መለኪያው በር ላይ ጮኸ፤ ተመለስን። የአየር ጋን ያጠለቀ ቡድን የቫልቭ ግንድ ማሸጊያ አልቆ እንደሚያፈስ አገኘ። ጉድጓዱ ተዘግቷል፣ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተክሏል፣ ቋሚ መለኪያም ቆሟል። ጋሼ፣ በዚያች ሐሙስ ሌሊት ባይጽፉልኝ ኖሮ ዓርብ ጠዋት ብቻዬን እገባ ነበር።

የማስወጫ ቫልቩ ሲፈታ መቀመጫው ላይ መካኒኩ ወንድሜ እንደጻፈው ያለ ጭረት ተገኘበት፤ ጥፍሬን አስኬድኩበት፣ ያዘኝ። ተቀየረ። የጉድጓዱ የመሸጫ መስመር ንባብ በዚያው ሳምንት ከፍ አለ። ደክሟል የተባለው ጉድጓድ ነው።

ለኬሲንጉ ክፍተት ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ የድምፅና የሙቀት መለኪያ አወረዱ። ጋዙ የሚገባው ከ310 ሜትር ገደማ ካለ ቀጭን የአሸዋ ንጣፍ ነው፤ ኬሲንጉ ደህና ነው። እዚያ ላይ ሆን ተብሎ ተበስቶ ሲሚንቶ በግፊት ተሞላ። የመጀመሪያው አልያዘም፤ በአራተኛው ቀን 2 ባር ተመለሰ። ደገሙት። ዛሬ ከተዘጋ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፤ አዲስ ማኖሜትር አስገጥሜ አነበብኩ፣ ዜሮ ነው። አሮጌውንም ጎን ለጎን አስገጠምኩት፤ እሱ 1 ባር ያነባል፣ ለካ ሲዋሽም ኖሯል።

መዝገቡ ላይ «ደህና» የሚለውን ሰርዤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ንባቡን ጻፍኩ፤ ስሜንም ፈረምኩ። ሣሩ ገና አልበቀለም። ዳር ዳሩ ላይ ሁለት ሦስት ቀንበጥ አይቻለሁ፤ ዓርብ ስመለስ እለካዋለሁ። ሃያ አምስት ጉድጓዶች ይቀሩኛል፤ ነገ ከአራት ቁጥር እጀምራለሁ።